የጠገበ ሰው ስብከት

ውድ ነገር ደስታ አይሰጥም ይሉናል። በሬዲዮ የሚጋበዘው የሥነ ልቦና ባለሙያ ይለዋል። የቤተሰብ በጀት ሊያስተምር ወደ ሰፈራችን የሚመጣው ወጣት በስላይድ ያሳየዋል። ሠርግ ባለፈ ማግስት ቡና ላይ የተቀመጡ ሽማግሌዎችም በራሳቸው አነጋገር ይደግሙታል። የሚከራከር ሰው የለም፤ ከተከራከረም ወይ ስግብግብ ነው፣ ወይ ያልተማረ ነው፣ ወይ በክሬዲት ካርድ ሰክሯል ይባላል። እኔ ግን ይህን አባባል በሰማሁ ቁጥር አንድ ነገር መጠየቅ ያምረኛል፦ ለመሆኑ ተናጋሪው ማታ የት ነው የሚያድረው?

እኛ በምንኖርባት በእስራኤሏ ከተማ በአሽኬሎን ይህ ጥያቄ ቀልድ አይደለም። ከከተማዋ በስተሰሜን ባሕሩ ዳር ባርኔአ አለች፤ ቪላው፣ አጸዱ፣ ዘንባባው፣ የባሕር ነፋሱ እዚያ ነው። ራቅ ብለው ደግሞ እንደ ሺምሾን ያሉ የድሮ ሰፈሮች አሉ፤ የእኛ የቤተ እስራኤል ሰው በብዛት የሚኖረው በእነዚህ ነው። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። በ1990ዎቹ መንግሥት ከኢትዮጵያ ለመጡ ኦሊም (አዲስ ገቢዎች) ልዩ የቤት መግዣ እርዳታና ማሽካንታ (የቤት ብድር) ሲሰጥ ጣሪያ አበጀለት። በዚያ ጣሪያ ሥር የሚገኘው ቤት በየትኛው ሰፈር እንደሆነ ደግሞ ሁሉም ያውቅ ነበር። ባርኔአ በዚያ ገንዘብ አትደፈርም። ስለዚህ ብዙዎቹ እናቶቻችን ሀብታም ሰፈርን ያወቁት ጠዋት በአውቶቡስ ሄደው፣ ወለሉን ወልውለው፣ ከሰዓት በኋላ ተመልሰው ነው። ስብከቱም የሚጓዘው በዚሁ መንገድ ነው፤ ካለው ሰፈር ወደሌለው።

በነገራችን ላይ ባርኔአ ውስጥ በቁፋሮ የወጣ የቢዛንታይን ዘመን ቤተ ክርስቲያን አለ። ወለሉ እብነ በረድ ነበር፤ የመስታወት ሞዛይክም ተገኝቶበታል። ስለ ሰማይ ለመስበክ እንኳ እብነ በረድ አስፈልጓል ማለት ነው።

ከውዱ ሁሉ ውድ ከሆነው ልጀምር፦ ከማማድ፣ ቤት ውስጥ ከሚሠራው የሮኬት መጠለያ ክፍል። ከ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት በኋላ፣ ከ1992 ጀምሮ የሚሠራ መኖሪያ ቤት ሁሉ ወፍራም የኮንክሪት ግድግዳና የብረት መስኮት ያለው ክፍል እንዲኖረው ሕጉ አዘዘ። ከዚያ በፊት የተሠራው ግን እንዳለ ቀረ። የድሮዎቹ ሰፈሮች የተሠሩት ደግሞ ከዚያ በፊት ነው። ስለዚህ በዚህች ከተማ ማማድ ያለው አፓርታማና የሌለው አፓርታማ በዋጋ ብቻ አይለያዩም። አዝዓቃው፣ የሮኬት ማስጠንቀቂያው፣ ሲጮህ ያለን ጊዜ ግማሽ ደቂቃ ነው። ያለው ከአልጋው ወርዶ፣ ልጁን ታቅፎ፣ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። የሌለው ጉልበታቸው የደከመ እናቱን ደግፎ ወደ ደረጃው ይወጣል፤ ፎቁን ሳይጨርስ ጊዜው ያልቃል። በግንቦት 2021 አንዲት አረጋዊት ሴትን ለመንከባከብ ከህንድ የመጣች ሠራተኛ እዚሁ ከተማ ውስጥ በሮኬት ተገድላለች። ቤቱ ማማድ አልነበረውም፤ የሕዝብ መጠለያው በሩጫ አንድ ደቂቃ ያህል ይርቅ ነበር። ውድ ነገር ደስታ አይሰጥም የሚል ሰው በአንዱ ሌሊት ይምጣና ከእኛ ጋር ደረጃው ላይ ቆሞ ያስተምረን።

«ማማድማ የግድ ነው፤ እኛ የምንለው ስለ ቅንጦት ነው» ይሉኛል። ይሁን። የግድንና የቅንጦትን ድንበር ያሰመረው ግን ማነው? ነሐሴ ላይ አሽኬሎን ውስጥ ማዝጋን (የአየር ማቀዝቀዣ) ከየትኛው ወገን ይመደባል? ቪላ ውስጥ ሲሆን ማንም አያነሣውም፤ የእኛ ሳሎን ውስጥ ሲሰቀል ግን የመብራቱ ሂሳብ ወዲያው መወያያ ይሆናል። እናቶቻችን ያደጉባቸውን የወገራን፣ የደምቢያን፣ የሰሜንን መንደሮች አስቡ። ውኃው በእንስራ፣ ከወንዝ፣ በጀርባ ነበር። ወለሉ በየጊዜው በእበት ይለቀለቅ ነበር። እንጀራው ዓይን በሚያፈስ ጭስ ይጋገር ነበር። ዛሬ በማእድ ቤቷ ጥግ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላት፣ ልብሱን ለማሽን ሰጥታ የምትቀመጥ ሴት «ዕቃ ደስታ አይሆንም» ሲሏት ብትስቅ አይፈረድባትም። ምጣዱ ውድ ነው፣ ማሽኑም ውድ ነው፤ ሁለቱም በየሳምንቱ ስንት ሰዓት እንደመለሱላት እሷ ታውቃለች።

ሌላም አለ፤ ስለ ቤተ እስራኤል የሚጽፉ ሰዎች የሚያውቁት፣ ስለ ደስታ የሚሰብኩት ግን የማያነሡት። አያቶቻችን በአብዛኛው ርስት አልነበራቸውም። በሌላው መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነው አርሰዋል፤ ብረት ቀጥቅጠው፣ ሸክላ ሠርተው ኖረዋል። የሌላውን ማረሻ እየሠሩ የራሳቸው የሚሉት እርሻ አልነበራቸውም፤ በሙያቸው ላይ ስድብ ተጨምሮባቸዋል። የእንዲህ ያለ ሰው የልጅ ልጅ ስሙ የተጻፈበት የቤት ሰነድ ሲይዝ የሚሰማውን፣ ከሦስት ትውልድ ጀምሮ ቤት የወረሰ ሰው «ከቁስ ጋር መጣበቅ» ብሎ ሲጠራው ትዕግሥት ያስጨርሳል።

ጥናት ጥናት ይላሉና ጥናቱንም እናንሣ። በሜክሲኮ ኮዋዊላ ግዛት በ2000 አካባቢ መንግሥት የድሆችን የአፈር ወለል በሲሚንቶ መለወጥ ጀመረ። ለአንድ ቤት የወጣው 150 ዶላር ያህል ነው፤ ለባለ ቤቱ ግን በራሱ አቅም የማይደፈር ገንዘብ ነበር። በ2009 የታተመው ጥናት የልጆቹ የአንጀት ጥገኛ ትልና ተቅማጥ መቀነሱን ከተናገረ በኋላ ስለ እናቶቹ ይናገራል፤ የድብርትና የጭንቀት ስሜታቸው ቀንሷል፣ በሕይወታቸውም የበለጠ ረክተዋል። ሲሚንቶ ነው ይህን ያደረገው። በምዕራብ ኬንያ ደግሞ በ2011 እና 2012 ለሣር ቤት ነዋሪዎች ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ጥሬ ገንዘብ ታደለ፤ ትንሹ መጠን በመግዛት አቅም ሲሰላ 404 ዶላር ነበር። ብዙዎቹ ከገዙት ነገር አንዱ ምን ይመስላችኋል? ቆርቆሮ። ጎንደርም ብትሄዱ፣ ጎጃምም ብትሄዱ፣ አንድ ገበሬ ገንዘብ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያስበው ያንኑ ነው። ዝናብ ሲጥል ጆሮ ያደነቁራል፣ በበጋ እንደ ምድጃ ይግላል፤ ቢሆንም በየዓመቱ ሣር አጭዶ ክዳን ከማደስ ያሳርፋል፣ አያፈስም። ዮሐንስ ሃውስሆፈርና ጄረሚ ሻፒሮ በ2016 ባሳተሙት ጥናት የተቀባዮቹ ደስታና የሕይወት እርካታ ጨምሯል።

ሰባኪው የሚመዘው ትልቁ ካርታ መላመድ ነው። ሰው ሁሉን ይለምዳል፤ አዲሱ መኪና በስድስት ወር ተራ ይሆናል፤ ደስታ ተመልሶ ወደ ነበረበት ይወርዳል ይላል። ለዚህ የሚጠቅሱት ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ጥናት ነው፦ የ1978ቱ የፊሊፕ ብሪክማንና የባልደረቦቹ፣ የሎተሪ አሸናፊዎች ከጎረቤቶቻቸው ይበልጥ ደስተኞች አይደሉም የሚለው። የማይነግሩን የአሸናፊዎቹ ቁጥር 22 ብቻ መሆኑን ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ሁሉ የተሰበከው በ22 ሰዎች ነው! በ2020 የታተመ የስዊድን ጥናት ከ3,000 በላይ የሎተሪ ተጫዋቾችን ጠየቀ። ትልቅ ገንዘብ የደረሳቸው በሕይወታቸው ያላቸው እርካታ ጨምሮ ነበር፤ ጭማሪው ከአሥር ዓመት በኋላም አልጠፋም። ሐቁን ለመናገር በደስታ ስሜታቸው ላይ የታየው ለውጥ ያን ያህል ጎልቶ አልወጣም። እንዲህ መሆኑ ግን የእኔን ነገር አያፈርስም። የቧንቧ ውኃ የለመደ ሰው ቧንቧውን ባየ ቁጥር እልል አይልም፤ እንስራውን መልሰህ ብትጭንበት ግን ምን አጥቶ እንደነበር ያውቃል። መላመድ ደስታው የሞተበት ምልክት ነው ያለን ማን ነው? እኔ ሥቃዩ የተረሳበት ምልክት ይመስለኛል፤ ሥቃይን መርሳት ደግሞ ቀላል ስጦታ አይደለም።

ሁለተኛው ካርታ 75,000 ዶላር ነው። ቴል አቪቭ የተወለደው የኖቤል ተሸላሚ ዳንኤል ካኔማን ከአንገስ ዲተን ጋር በ2010 ባወጣው ጽሑፍ፣ አሜሪካ ውስጥ የዓመት ገቢ ከዚያ በላይ ሲወጣ የየዕለቱ ስሜት አይሻሻልም አለ። ቁጥሩ ዓለምን ዞረ። በ2021 ማቲው ኪሊንግስወርዝ በብዙ መረጃ ሲመረምር ደስታ ከዚያም በላይ ከገቢ ጋር ሲወጣ አገኘው። ካኔማን ትልቅ ሰው ነበርና አልተኮራም፤ ከተቃዋሚው ጋር ተቀምጦ አብሮ ሠራ። በ2023 ያወጡት ውጤት ለአብዛኛው ሰው ደስታ ከገቢ ጋር መጨመሩን ይቀጥላል የሚል ነው፤ ቀድሞውኑ እጅግ በከፋቸው ሰዎች ላይ ብቻ ከ100,000 ዶላር አካባቢ በኋላ ይቆማል። ካኔማን በ2024 አረፈ፤ የተሻሻለው ግኝቱ ግን እስከ ዛሬ ወደ ስላይዱ አልገባም። ደግሞስ እኛ ሰፈር ስንት ሰው ነው 75,000 ዶላር የሚያገኘው? ጣሪያው ትክክል ቢሆን እንኳ እኛ ገና ምድር ቤት ነን።

አሁን የሚያናድደኝ ደረሰ። አዲሱ ስብከት «ዕቃ አትግዙ፣ ገጠመኝ ግዙ» ይላል። ምንጩ ሊፍ ቫን ቦቨንና ቶማስ ጊሎቪች በ2003 ያወጡት ጥናት ነው፤ ጉዞና በዓል ከዕቃ ይልቅ ያስደስታል የሚል። ከዚያ ኤልዛቤት ደን ከባልደረቦቿ ጋር በ2008 ጨመረችበት፤ ገንዘብን ለሌላ ሰው ማውጣት ለራስ ከማውጣት ይልቅ ደስ ያሰኛል። መልካም። እንግዲህ የእኛን ሠርግ በዚህ ሚዛን አስቀምጡት። ገጠመኝ ነው? በእስክስታ ትከሻ እስኪዝል፣ ከቂርያት ጋት፣ ከነታንያ፣ ከአፉላ ዘመድ ሁሉ የሚሰበሰብበት ነው። ለሌላ ሰው የወጣ ነው? በመቶ የሚቆጠር ሰው በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ተመርቆ ይሄዳል። በሁለቱም መለኪያ አንደኛ መውጣት ነበረበት። ነገር ግን ባርኔአ ያለ ቤተሰብ በዚያው ገንዘብ ወደ ታይላንድ ሲበር «ትዝታ ገዛ» ይባላል፤ እኛ አዳራሽ ስንከራይ «ገንዘባቸውን ያባክናሉ» እንባላለን። ሠርጉ ደግሞ ባዶ ወጪ አይደለም። እንግዳው ፖስታ ይዞ ይመጣል፤ የሰጠኸው በልጅህ ሠርግ ይመለሳል፤ እቁብ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አማካሪ አያስፈልገውም።

እነዚያ ተመራማሪዎች በብዛት የጠየቁት የተመቸውን ሰው መሆኑም በኋላ ታውቋል። በ2018 ጄኮብ ሊ፣ ዴቦራ ሆልና ዌንዲ ዉድ ያወጡት ጥናት መደብን ለይቶ አየ። ከገጠመኝ የበለጠ ደስታ የሚያገኘው ከፍ ያለው መደብ ነው። ዝቅ ያለው መደብ ግን ከዕቃም እኩል፣ አንዳንዴም የበለጠ ይደሰታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ባሕር ዳር ያሳለፍከው ቀን ዝናብ አያስጠልልህም፣ ማቀዝቀዣው ግን ነገም ወተቱን ያቆየዋል። ሁሉ የተሟላለት ሰው ዕቃ ሲሰለቸው የራሱን መሰላቸት የሰው ልጅ ባሕርይ አድርጎ ጻፈው፤ እኛም ተርጉመን አስተማርነው።

ሃይማኖቱም ይጠራል። ሀብታም ማለት በድርሻው የሚደሰት ነው የሚለው የጥንቱ የአይሁድ ሊቅ የቤን ዞማ ትምህርት በየቢሮው ተለጥፏል። ቄሶቻችን ኦሪትን ይዘው እንጂ ታልሙድን ይዘው አልመጡም፤ ስለዚህ የምንሰማው የተመረጠልንን ነው። ሰንበት በሚባለው የታልሙድ ክፍል ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ ሊቃውንቱ አልተስማሙም። ራቢ ታርፎን ሀብታም መቶ የወይን ቦታ፣ መቶ እርሻና በዚያ የሚሠሩ መቶ አገልጋዮች ያሉት ነው ይላል። ራቢ ዮሴ ደግሞ መጸዳጃ ቤቱ ከማእዱ አጠገብ የሆነለት ሰው ነው ይላል። እኔ ከራቢ ዮሴ ወገን ነኝ። ሌሊት በጨለማ፣ በዝናብ፣ ጅብ እየፈራ ወደ ሜዳ የወጣ ሰው ሁሉ ከእሱ ወገን ይመስለኛል። እንዲህ ያለው ትምህርት ግን በፍሬም አይሰቀልም።

ሁለት ነገር አልክድም። አንደኛው የጎረቤት ዓይን ነው። ኬንያ ላይ እነዚያው ተመራማሪዎች ጎረቤቱ ገንዘብ ሲደርሰው ያልደረሰው ሰው የሕይወት እርካታው እንደቀነሰ አይተዋል። እዚህም የአጎት ልጅ ጂፕ ሲገዛ ሚስት ባልን የምታይበት ዓይን ይለወጣል። እውነት ነው። ይህ ግን ልዩነት እንደሚያም ነው የሚነግረን። ሕመሙ የሚመጣው ካለውና ከሌለው ርቀት ከሆነ፣ የሌለውን ብቻ «አትመኝ» ብሎ መገሠጽ ምን ዓይነት ሕክምና ነው? ባርኔአ ሄዶ «መኪናችሁን አሳንሱ፣ የሺምሾን ሰው እየተጎዳ ነው» ያለ ሰባኪ እስካሁን አላየሁም።

ሁለተኛው ዕዳ ነው፤ እዚህ ላይ ሽማግሌዎቹ ትክክል ናቸው። ሚኑስ ውስጥ ገብቶ (የባንክ ሒሳቡ ከዜሮ በታች ወርዶ)፣ ከባንክ ሲከለከል ከባንክ ውጭ ወዳሉ አበዳሪዎች፣ ወደ ሹክ አፎር፣ ሄዶ በአራጣ ተበድሮ መኪና የገዛ ሰው አውቃለሁ፤ መኪናው ሄደ፣ ዕዳው ቀረ፣ ስልክ ሲጮህ ይደነግጣል። ግን ያን ሰው ያስለቀሰው መኪናው ነው? መኪናው ባለበት ጊዜ ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ የሚሄድበትን ሥራ በሃያ ደቂቃ ይደርስ ነበር፤ ቅዳሜ ማታ ሰንበት ሲወጣ አባቱን ይጠይቅ ነበር። ያስለቀሰው ወለዱ ነው። ለድሃ ብድር ለምን ከሀብታም ይልቅ ይወደዳል የሚለውን ጥያቄ ትቶ «መኪና ደስታ አይሆንም» ብሎ ማስተማር አበዳሪውን ነጻ የሚያወጣ ትምህርት ነው። የበጀት አስተማሪው ስለ ወለድ ቢያስተምር እኔም ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ።

ደግሞም እኛ፣ ከሌላው ሁሉ ይልቅ እኛ፣ ገንዘብ ደስታን አይገዛም ብለን መማል አይገባንም። በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ወጣ። የአውሮፕላኖቹ መቀመጫ ተነቅሎ፣ ሰው በሰው ላይ ተጠጋግቶ፣ አብዛኛው ከለበሰው ልብስ ሌላ ሳይዝ። ያ መንገድ በጸሎት ብቻ አልተከፈተም፤ ለደርግ መንግሥት 35 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሏል። ሲካፈል በነፍስ ወከፍ 2,400 ዶላር ያህል ይመጣል። ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ የሚለው ተረት በእኛ ላይ ቃል በቃል ተፈጽሟል። በዚያ ሌሊት ደስታ በልብ ውስጥ ነው ብሎ ክፍያውን ያዘገየ አልነበረም።

መንግሥትም ቢሆን ሲፈልግ ይህን ያውቃል። በጋዛ ድንበር ጥግ ላሉ መንደሮች፣ እስከ 7 ኪሎ ሜትር ድረስ፣ በየቤቱ ማማድ በራሱ ወጪ ሠርቷል። ደግ አደረገ። ለእነዚያ ሰዎች ስለ ውስጣዊ ሰላም የሚያስተምር ባለሙያ በኮንክሪቱ ፋንታ አልላከም። አሽኬሎን ከዚያ መስመር ጥቂት ኪሎ ሜትር አልፋ ነው ያለችው፤ ባርኔአ ውስጥ አዲስ ቪላ የሠራ የራሱን ማማድ በራሱ ገንዘብ ሠርቷል፤ የሺምሾን ሰው ግን ያው ደረጃው ላይ ነው። ወደ ሰፈራችን የሚላከው ቀጣዩ ተናጋሪ ስላይዱን ትቶ የኮንክሪት ዋጋ ዝርዝር ይዞ ይምጣ።